ተው የሚል አለ?

ድምፄ ሩቅ ይሰማል። የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ቡድን ኃላፊ የሆንኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት እዚሁ መካነ ሰላም ከተማ አሥራ ሁለት ዓመት ስፖርት አስተምሬአለሁ። አንድ ቀን ወደ አስተዳደሩ ቢሮ ተጠርቼ ሹመቱ ሲነገረኝ "ስለ እሳት ምን አውቄ?" ብዬ ነበር። "አንተ ሜዳው ላይ ስትቆጣ እኛ ቢሮ ድረስ እንሰማለን፤ እሳት ላይ የሚፈለገው እሱ ነው" አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እነሱ ግን አልሳቁም።

ፊሽካዬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ሄድኩ። የተረከብኩት አንድ ቀይ መኪና፣ ስድስት ሰው፣ ሁለት ክፍል ቢሮና መኪናው የሚያድርበት የቆርቆሮ መጠለያ ነበር። መኪናው አርጅቷል፤ ዳገት ላይ ያስላል፣ ቁልቁለት ላይ ያለቅሳል። ከስድስቱ ሰዎች መካከል ስለ ሁለቱ ልናገር። አንዷ ስልክ የምትቀበለውና ደብዳቤ የምትጽፈው ሴት ናት፤ የመጀመሪያ ርዳታ የተማረችውም እሷ ብቻ ነበረች። ሌላው ሾፌሩ ናቸው።

ሾፌሩ በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጡኛል። ከደሴ በአቀስታ መካነ ሰላም፣ ከዚያም ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የትኛው ኩርባ ላይ ጉም እንደሚተኛ፣ የትኛው ድልድይ ክረምት እንደሚሸሽ በልባቸው ያውቁታል። እኔ "ጋሼ" እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ሲፈልጉ "አንተ"፣ ሲያሾፉብኝ "አስተማሪው" ይሉኝ ነበር። አንድ አመል ነበረባቸው። ምንም ነገር ባዝዝ መጀመሪያ "ኸረ ተው!" ይላሉ። ጠዋት ጠዋት እንሰለፍ ስል "ኸረ ተው፣ እሳት ሰልፍ አይጠብቅም" አሉኝ። የውሃ መርጫው ጎማ በቁጥር ይጠቅለል ስል "ኸረ ተው፣ ጎማ ከነእርጥበቱ ተጠቅልሎ ይበሰብሳል፤ መጀመሪያ ይድረቅ" አሉኝ። ሰልፉ ላይ እኔ ረታሁ፣ ጎማው ላይ እሳቸው ረቱ። ግን የረቱኝ ጊዜ ሁሉ ያንገበግበኝ ነበር።

ቁጡ ነኝ። ይህን ሚስቴም ያስተማርኳቸው ልጆችም ይመሰክራሉ። ቁጣዬ እንደ በልግ ዝናብ ነው፤ ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎ ያባራል። እኔ ካባራሁ በኋላ ሌላው ሰው ርሶ እንደሚቀር ግን ለረጅም ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በውሃ ነው። በከተማችን ቧንቧ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዴ ፈረቃውንም ይረሳዋል። ሰው ሲሞት ደግሞ ድንኳን ይተከላል፣ ከገጠር ዘመድ ይወርዳል፣ ሊጥ ይቦካል፣ ወጥ ይወጠወጣል፤ ይህ ሁሉ በጀሪካን አይሆንም። ስለዚህ ከኔ በፊት በነበረው ኃላፊ ጊዜ የእሳት አደጋው መኪና ለቅሶ ቤት እየሄደ የዕድሩን በርሜሎች ይሞላ ነበር። በጽሑፍ የሰፈረ ነገር የለም፤ ልማድ ነው። ለቀስተኛ ውሃ ተጠማ ከሚባል ከተማው ቢቃጠል ይሻላል የሚል ሰው በእኛ አገር አይጠፋም።

እኔ ደሴ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ሄጄ ስመለስ አንድ ትእዛዝ ይዤ መጣሁ። ታንከሩ ምን ጊዜም ሙሉ ይሁን። ትክክለኛ ትእዛዝ ነው፤ ዛሬም አልክደውም። ባዶ ታንከር ይዞ እሳት ጋ መድረስ ባዶ እጅን ይዞ ለምጥ እንደ መጠራት ነው። ጥፋቴ ሌላ ነው። በትልቁ አስጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት እንጂ ስድስቱን ሰዎች ቁጭ አድርጌ "ለቅሶ ቤቱንስ ምን እናድርገው?" ብዬ አልጠየቅሁም። ሾፌሩ ወረቀቱን አይተው "ኸረ ተው" አሉ። እኔም "ተለጥፏል" አልኩ።

ጥቅምት ላይ አንድ የቅኔ መምህር አረፉ። በአካባቢው ካሉት ካህናት ግማሾቹ የእሳቸው ተማሪዎች ናቸው። ከኛም አንዱ፣ ጎማ የሚይዘው፣ በልጅነቱ እግራቸው ሥር ተቀምጦ የተማረ ነው። በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ቢሮ ስደርስ መጠለያው ባዶ ነው። ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። በእግሬ ወደ ለቅሶው ቤት ሄድኩ፤ መኪናችን ድንኳኑ ደጃፍ ቆሟል፣ ሾፌሩ ኮታቸውን አውልቀው በርሜል ይሞላሉ። ታንከሩ ከግማሽ በታች ወርዷል።

እንግዲህ ድምፄ ሩቅ ይሰማል ብያለሁ። "ስማ አንተ!" ብዬ ጀመርኩ። በአሥራ አንድ ዓመት የሚበልጡኝን ሰው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ለጌጥ ነው ወይ አልኩ። ይህ መኪና የአባትህ አህያ አይደለም አልኩ። ሌላም አልኩ፤ ሁሉንም አሁን መጻፍ አልፈልግም። ድንኳኑ ውስጥ ካህናቱ፣ ሴቶቹ፣ ከገጠር የመጡት ዘመዶች፣ ጎማ ያዡ ልጃችን ሁሉም ያዩኛል። ሾፌሩ ውሃውን ዘጉ፣ ጎማውን በቁጥር ጠቀለሉ፣ ኮታቸውን ለበሱ፣ "እሺ አለቃ" ብለው መኪናው ላይ ወጡ።

የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ መቋሚያ ተደግፈው የተቀመጡ ሽማግሌ፣ ወደ እኔ ቀና አሉ።

"ልጄ፣ ለቅሶ ቤት የሚጮኸው ሰው የሞተበት ነው" አሉ። "አንተ ማንን አጥተህ ነው?"

"ይቅርታ አባቴ፣ ሥራ ነው" ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት በኃላፊነት ዘመኔ ሁሉ ሰላማዊዎቹ ነበሩ። ጠዋት ስመጣ ስድስቱም ተሰልፈው ይጠብቁኛል። ታንከሩ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ጎማው በቁጥር ተጠቅልሏል። ያዘዝኩት ይሠራል፤ ያላዘዝኩት አይሠራም። ሾፌሩ "እርስዎ" ይሉኝ ጀመር። "ኸረ ተው" የሚባል ነገር ጠፋ። ለበላዮቼ ባቀረብኩት ሪፖርት ላይ "ዲሲፕሊን በከፍተኛ ሁኔታ ተሻሽሏል" ብዬ አስጻፍኩ። የምትጽፈው ሴት ቃሉን ጽፋ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ።

"አለቃ፣ እዚህ ቤት እኮ ሰው የለም" አለችኝ።

"እንዴት የለም? ስም ጠርቼ ሁሉም ተገኝተዋል።"

"እሱ ልክ ነው፤ ተገኝተዋል" ብላ ወረቀቱን ከጽሕፈት መኪናው አወጣችው።

ያኔ አልገባኝም። ሌላም ምልክት ነበር። በፊት ምሳ በአንድ ትሪ ነበር የምንበላው፤ በጾም ሽሮ፣ በፍስክ የተገኘው። አሁን እኔ ለስብሰባ ወጥቼ ስመለስ ትሪው ታጥቦ ተደፍቶ አገኘዋለሁ። ደጋግሞ ሲሆን የኔ ስብሰባ የበዛ መስሎኝ ነበር። ሰው ሲያኮርፍ ፊቱን ያዞራል፣ በር ይወረውራል ብዬ ነበር የማስበው፤ ሥራውን ጥንቅቅ አድርጎ እየሠራ የሚያኮርፍ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

ጥር ላይ፣ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ስልክ ተደወለ። ከከተማው በስተምዕራብ ካለች መንደር ነው። አውድማ ላይ ክምር ተያይዟል። በዚያ ወቅት የደጋው ነፋስ ከገደሉ አፋፍ እየተነሣ አገሩን ሲያጥበው ነው የሚውለው፤ ስንዴው ተከምሯል፣ ጤፉ ተከምሯል፣ የዓመት ቀለብ ሁሉ ከቤት ውጭ ነው። አንድ ፍንጣሪ ይበቃል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ መኪናው ላይ ነበርን። በሰዓት ይዤዋለሁ፤ ኮርቼም ነበር።

ወደዚያች መንደር ሁለት መንገድ አለ። የላይኛው በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ይዞራል፤ የታችኛው ጅረቱን አቋርጦ በቀጥታ ይገባል። "በታችኛው ግቡ" አልኩ። ሾፌሩ መሪውን እንደያዙ ለአፍታ አዩኝ። ያችን አፍታ አስታውሳታለሁ። ኋላ የተቀመጡትም ዝም አሉ።

"በታችኛው ነው ያሉት?"

"በታችኛው፤ አጭሩ እሱ ነው።"

"እሺ አለቃ።"

ሄድን። ጅረቱ ጋ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን መንገዱ ተቆርጧል። ለመስኖ አዲስ ቦይ ተቆፍሯል፤ ጥልቀቱ ከሰው ወገብ ያልፋል፤ ለእግረኛ ሁለት አጠና ጣል ተደርጎበታል። ማዶ፣ ከጉብታው ጀርባ፣ ጭሱ ይታየናል። መኪናውን ለማዞር ቦታ አልነበረም፤ ሾፌሩ ያንን ሁሉ መንገድ በኋላ ማርሽ ወጡት፤ ከዚያ በላይኛው ዞርን። ስንደርስ እሳቱ የተነሣበት ገበሬ ጎረቤቶች በቅጠልና በአፈር ሲታገሉ ክንዳቸው ዝሏል። የጎረቤቶቹን ሁለት ክምር አዳንን። የገበሬው ሦስት ክምር ግን፣ ስንዴውም ጤፉም፣ ሄዷል። ያቺን ያህል ጊዜ ቀድመን ብንደርስ አንዱን ክምር ቢያንስ እናድን ነበር፤ ይህን ለማወቅ ሥልጠና አያስፈልግም።

ሽታው የቆሎ ሽታ ነበር። የገበሬው ሚስት በመንሽ አመዱን እየገለጠች፣ ከሥር ያልነደደ ካለ ትፈልጋለች፤ ያገኘችውን ነጠላዋ ላይ ታኖራለች። ባልዬው ወደ እኛ መጣ። ይሰድበናል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድበን በወደድኩ። ፊቱ ጠቁሯል፣ ቅንድቡ ተለብልቧል።

"እግዜር ይስጥልን፣ ከሩቅ ደክማችሁ መጣችሁ" አለን። ቀጥሎም የኛን ፊት አይቶ "አብሽሩ፣ እህል ነው፤ ሰው አልሞተብን" ብሎ ያጽናናን ጀመር። የሚጠጣ እንኳ ይምጣላቸው ብሎ ሰው ላከ። እኔ ጎማ የማሰባስብ መስዬ ፊቴን አዞርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ስንመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። እኔ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ።

"መንገዱ መቆረጡን ያውቁ ነበር?" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ለዝክር መጥቼ አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"አልጠየቁኝም" አሉ። "እኔ ሾፌር ነኝ፤ ያሉኝን እነዳለሁ" ብለው ጨመሩ። ድምፃቸው ግን የኩራት አልነበረም። እኔን ለመቅጣት ብለው ያንን ሰው እንደቀጡት ያውቁታል።

በማግስቱ ጠዋት የቅጣት ደብዳቤ ረቂቅ በእጄ ጽፌ ለጸሐፊዋ ሰጠኋት። የሥራ ግዴታን ባለመወጣት፣ እያወቁ መረጃን በመደበቅ፣ እያለ ይቀጥላል። አነበበችው፤ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ይህን ከመጻፌ በፊት የሁላችንንም ስም ያስገቡበት" አለችኝ።

"ለምን?"

"ሁላችንም እናውቅ ነበር። ቅዳሜ ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ነው የሰማው። መኪናው ላይ የነበሩት አምስቱም ያውቁ ነበር፣ እኔም ስልኩን ይዤ አውቅ ነበር። የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።"

ተቀመጥኩ። አምስት ሰው መኪና ላይ ጭኜ፣ አምስቱም እያወቁ፣ አንዱ እንኳ አፉን ሳይከፍት ወደ ቦዩ ነዳን። ፊሽካዬ አንገቴ ላይ ነበር፤ አውልቄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። "የለቅሶ ቤቱ ነው?" አልኳት። "እና ምን ይሆናል?" አለችኝ። "እሳቸውን እንደዚያ ካደረጓቸው እኛን ምን ሊያደርጉን ነው ብለን ነዋ።"

ደብዳቤውን ቀደድኩት። ሆኖም በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ቢሮ ውስጥ ተጠራርቶ "ይቅርታ" በመባባል አያልቅም። ነውር በተሠራበት ቦታ ነው የሚነሣው። ስለዚህ ወደ ሟቹ ወንድም ሄድኩ። ገና ከበር ሲያዩኝ "የጮኸው መጣ" አሉ ለልጃቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ፣ ድንኳኑ ተተክሎበት በነበረው ግቢ፣ ሾፌሩንና ሌሎቹን እንደሚጠሩልኝ ቃል ሰጡኝ።

እንደ ደንቡ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚቀርበው። የስፖርት ሰው ነኝና ግቢው ጥግ ካለው ክምር ትልቁን መርጬ ተሸከምኩ። ሽማግሌው ሲያዩኝ መቋሚያቸውን አነሡ።

"ምነው፣ ይቅርታ ልትጠይቅ ነው ወይስ ቤት ልትሠራ? እሱን አስቀምጥና ልክህን አምጣ።"

ሰው ሳቀ። ሾፌሩም ወደ ጎን ዞረው አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ከሦስት ወር በኋላ ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። አነስ ያለ ድንጋይ ተሸክሜ ፊታቸው ጎንበስ አልኩ። "በሰው ፊት አዋረድኩዎት፤ በሰው ፊት አፉ በሉኝ" አልኩ። ትእዛዙ ልክ እንደነበረ የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ተውኩት። ድንጋዩ ትንሽም ቢሆን ይከብድ ጀመር።

"አፉ ብያለሁ" አሉ ሾፌሩ በመጨረሻ። "ግን እኔም ድንጋይ አለብኝ።"

የእሳቸው ድንጋይ ለገበሬው ነበር። ሽማግሌው አወረዱልኝና ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብለው "ያን ቀን ማንን አጥተህ ነው ብዬህ ነበር፤ አሁን አወቅህ?" አሉኝ። "አወቅሁ" አልኩ።

በሳምንቱ ሰባታችንም መንደሪቱ ሄድን። ሾፌሩ ድንጋያቸውን፣ እኔም የኔን ይዘን ለገበሬው እውነቱን ነገርነው፤ መንገዱ መቆረጡን እነሱ እያወቁ እንዳልተናገሩ፣ እኔም ሳልጠይቅ እንዳዘዝኩ። በዚህ ጊዜ አላጽናናንም። ድንጋዩን እንደተሸከምን አቁሞን ወደ አውድማው ሲያይ ቆየ። ከዚያ "አውርዱት" አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ዕድሮቹ እህል አዋጡለት፣ እኛም የጎረቤቶቹ ጅጌ፣ የመውቂያው ደቦ፣ ውስጥ ገብተን እስከ መጨረሻው ወቃን። የተቃጠለው ግን ተቃጥሏል። ዛሬም ገበያ ስንገናኝ ሰላም ይለኛል፤ እኔ ነኝ ዓይኑን ማየት የሚያቅተኝ።

ስለ ውሃውም መላ የፈጠሩት ሾፌሩ ናቸው። ዕድሮቹ ተሰባስበው ሁለት ሮቶ እንዲገዙና መጠለያችን አጠገብ እንዲተከል አደረጉ፤ ቧንቧ በመጣ ቁጥር ይሞላል፣ ለለቅሶ ከዚያ ይወሰዳል። ታንከሩም ሙሉ ሆኖ ይቀመጣል። ይህን መላ ቀደም ብዬ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ በአንድ ከሰዓት በኋላ እንጨርሰው ነበር።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ጀመርኩ። ለእሳት ስንወጣ፣ ሞተሩ ተነሥቶ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት፣ የምንሄድበትን እናገርና "ተው የሚል አለ?" ብዬ እጠይቃለሁ። እስከ አምስት እቆጥራለሁ። የሚናገር ካለ እንሰማለን፤ ከሌለ እንሄዳለን። መጀመሪያ ስጠይቅ ሁሉም ጫማቸውን አዩ። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። ምሳ ወደ አንድ ትሪ ተመልሷል፣ ጨዋታው ተመልሷል፤ ሾፌሩ ግን ከ"እርስዎ" አልወረዱም፣ "ተው" የሚለውም ከአፋቸው አልወጣም። ይቅር ማለት አንድ ነገር ነው፤ ማመን ሌላ ነው። "ተው" የማይለኝ ሾፌር ይዤ አንድ ቀን አንድ ሰው እንደምንገድል እየታወቀኝ፣ የማዝዘው ነገር አልነበረም። ተው በሉኝ ብሎ ማዘዝ አይቻልም። ስለዚህ መጠየቄን ቀጠልኩ፤ ክረምቱ አልፎ በጋው ተመልሶ እስኪመጣ።

ታኅሣሥ ላይ ገበያው ዳር ካሉት ሱቆች አንዱ በቀትር ተያያዘ። ሱቆቹ በእንጨትና በቆርቆሮ ትከሻ ለትከሻ የተሠሩ ናቸው፤ ከጀርባቸው ጨርቅ ቤት አለ፣ ከጨርቅ ቤቱ ቀጥሎ ነዳጅ በበርሜል የሚሸጥበት። የገበያ ቀን ነውና ሰዉ እንደ ጎርፍ ፈሶበታል። ሹማምንቱም ወጥተው ቆመዋል። ከመካከላቸው አንዱ፣ ያ ድምፄን ወድዶ ያስሾመኝ፣ እየጠቆመ "በዚህች መተላለፊያ አስገባው! ፊት ለፊት ነው!" ይለኛል። እውነትም ፊት ለፊት ነው። ሰዉ ይጮሃል፣ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ እኔም ልማዴን ረሳሁት። ሳልጠይቅ፣ በዚያ በሚሰማው ድምፄ፣ "ግቡ! በመተላለፊያዋ ግቡ!" አልኩ።

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፉት።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየን። እሳቸው በመስኮት ወጣ ብለው፣ ገበያው በሙሉ እየሰማ፣ "ኸረ ተው!" አሉኝ። "እዚያ አልገባም። ልትቀብረን ነው እንዴ?"

አፌ ተከፍቶ ነበር። የሚወጣውን ቃል ጭምር አውቀዋለሁ፤ ያው የለቅሶ ቤቱ ነው። ከአንድ እስከ አምስት መቁጠር ለሌሎቹ ብዬ ያመጣሁት ልማድ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ለራሴ ቆጠርኩበት።

"ታዲያ በየት እንግባ ይላሉ ጋሼ?" አልኩ።

"ከመተላለፊያዋ ሥር የሱቆቹ ሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። በአጠናና በአፈር ነው የተደፈነው። ሰው ይሸከማል፣ ይህን ሁሉ ውሃ አይሸከምም። በከብት ገበያው ዞረን ከጀርባ እንምጣ። ጎማው ይደርሳል።"

"ተው የሚል አለ?" አልኩ ወደ ኋላ ዞሬ። ጎማ ያዡ "ይደርሳል፣ ለክቼዋለሁ" አለ። ዞርን። ከጀርባ ገብተን በነዳጁና በእሳቱ መካከል ቆምን። ሁለት ሱቅ ነደደ፣ ከጨርቅ ቤቱ ጣሪያው ሄደ፤ ነዳጁ አልተነካም፣ ሰውም አልተጎዳም። ሲበርድ ወደ መተላለፊያዋ ሄጄ በተረከዜ መሬቱን ደጋግሜ መታሁት። እንደ ከበሮ ነበር የሚጮኸው።

ሾፌሩ የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን በውሃ ያብሳሉ። "አስተማሪው፣ ፊትህ ጥላሸት ሆኗል፤ ና ታጠብ" አሉኝ። ጀሪካኑን ያዙልኝ፤ ታጠብኩ። ያ ሹም መጣና ጎተት አድርጎ ለብቻ አወጣኝ።

"ሥራው ጥሩ ነው" አለኝ ድምፁን ቀነስ አድርጎ። "ግን ሾፌርህ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እምቢ ሲልህ ዝም ትላለህ? ምን ልታደርገው ነው?"

"ምንም" አልኩት። "ይህን ቃል ከአፋቸው ዓመት ሙሉ ስጠብቀው ነበር።"